የጡረታ ገንዘብና የርካሽ አገር ኑሮ

(በሬዲዮ የተነገረ)



በመሥሪያ ቤት የሚያገለግል ሰው ጡረታ የሚባለውን ነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቀው ከደመወዙ ላይ በየወሩ በሚታየው ተቀናሽ ነው። ገንዘቡ ይቆረጣል፤ ባለቤቱም ይፈርማል፤ ዕድሜው ለስድሳ እስኪቃረብ ድረስ ስለዚሁ ጉዳይ ብዙ አያስብም። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ይኸው ቃል ከሌላ በኩል ይደርሰን ጀምሯል። ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በፊት ወደ አሜሪካ የሄዱት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ዛሬ ለጡረታ ደርሰዋል። ስልክ ደውለው የጤናውንም የቤተ ሰቡንም ከጠየቁ በኋላ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ለመሆኑ አሁን አገር ቤት በወር ስንት ቢኖር ያኖራል?» ይሉናል።

ጥያቄው ቀላል መስሎ ይታያል። ነገር ግን መልስ ሰጪዎቹ እናንተ ናችሁና፣ የአንድ ሰው የመጨረሻ ዘመን በአንደበታችሁ ላይ መውደቁን ልብ ልትሉ ይገባል። «ና እንጂ! በዚያ ገንዘብ እዚህ ጌታ ሆነህ ትኖራለህ» ማለት ለተናጋሪው ምንም አያስከፍለውም። ሰሚው ግን ይህን ቃል ይዞ ቤቱን ይሸጣል፤ ዕቃውን ይበትናል፤ ሃያ ዓመት ከሚያውቀውም ሐኪም ይለያል። ስለዚህ መልሱ ከመሰጠቱ በፊት ሒሳቡ መታየት አለበት። ሒሳቡን ለማየት ደግሞ ከእኛ በፊት ሲያሰሉት የኖሩ ሰዎች አሉ። እነርሱም በሜክሲኮ አገር በቻፓላ ሐይቅ ዳር የሰፈሩት የአሜሪካና የካናዳ ጡረተኞች ናቸው። እነዚህ ሰዎች የሄዱት ዘመድ ወደሌላቸው ወደ ባዕድ አገር ስለ ሆነ፣ የወጪና የገቢያቸው ነገር ከናፍቆት ጋር ሳይደባለቅ ጥርት ብሎ ይታያል። እኔም መጀመሪያ የእነርሱን አሳይቼ ከዚያ ወደ ራሳችን እመለሳለሁ። የውጭውን ነገር ስናገር የምጠራቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቻፓላ በሜክሲኮ ካሉት ሐይቆች ሁሉ ትልቁ ነው። ጓዳላሃራ ከምትባለው ታላቅ ከተማ በስተ ደቡብ በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ያስኬዳል። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 1500 ሜትር ግድም ነው፤ ከሐዋሳችን ጥቂት ዝቅ ይላል ማለት ነው። በሰሜኑ ዳርቻ አሂሂክ የምትባል፣ መንገዷ ድንጋይ የተነጠፈ፣ ትንሽ ከተማ አለች። የባዕዳኑ ጡረተኞች ዋና መኖሪያም እርሷ ናት።

በዚህች ከተማ ገንዘብ የሚቆጥበው መጀመሪያ አየሩ ነው። በቺካጎ ወይም በሚኒሶታ የሚኖር ሰው በክረምት ለማሞቂያ፣ በበጋ ለማቀዝቀዣ የሚከፍለውን ገንዘብ እዚህ አይከፍልም። ሐይቁና ከፍታው ሁለቱንም ያስቀሩለታል። እርግጥ ነው፣ የታኅሣሥና የጥር ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ ቤቱም ወለሉ ሸክላ፣ ግድግዳው ጡብ ነውና ጧት ጧት እንደ ጎተራ ይበርዳል። አዲስ መጤው በመጀመሪያው ጥር ትንሽ የጋዝ ማሞቂያ ሳይገዛ አይቀርም። ይህ ግን ከቺካጎው ወጪ አጠገብ የሚቆጠር አይደለም።

መብራት የራሱ ሕግ አለው። የመንግሥቱ የመብራት ኩባንያ ለመኖሪያ ቤቶች በመደጎሚያ ዋጋ ይሸጣል። መጠነኛ አየር ባለበት አውራጃ ግን አንድ ቤት ዓመቱን በአማካይ በወር ከ250 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ያጠፋ እንደ ሆነ፣ ከድጎማው ወጥቶ ብዙ አጥፊዎች ወደሚከፍሉበት ታሪፍ ይዛወራል። እንደ አገሬው ልብሱን በፀሐይ አስጥቶ፣ በአንድ መብራት ሥር ማታውን የሚያሳልፍ ሰው የሚከፍለው እጅግ ትንሽ ነው። የልብስ ማድረቂያውንና ሁለት ማቀዝቀዣውን አስከትሎ የመጣው ሰው ግን፣ ርካሽ አገር መጥቶ ውድ መብራት ሲከፍል ይገረማል። የሚገርመው እርሱ ብቻ ነው።

የቧንቧ ውኃ ለማጠቢያ እንጂ ለመጠጥ አይታመንም። እኛ ሮቶ የምንለው ዓይነት በርሜል በየጣራው ላይ ተቀምጧል፤ የሚጠጣው ደግሞ ሃያ ሊትር በሚይዝ ዕቃ እየተሞላ በመኪና ለየቤቱ ይታደላል። ዋጋው ትንሽ ነው። ዳሩ ግን ሃያ ኪሎ የሚመዝን ዕቃ ከደጅ አንሥቶ ወጥ ቤት የሚያደርሰው ማን ነው? በስድሳ አምስት ዓመት ይህ ጥያቄ አይነሣም፤ በሰማንያ ዓመት ግን ይነሣል። ከሁሉ ይልቅ ይህን ልብ በሉ፦ የርካሽ አገር ሒሳብ ሲሠራ የሚሠራው ሰውዬው ባለበት ዕድሜ ልክ ነው፤ የሚከፈለው ግን በሚደርስበት ዕድሜ ልክ ነው።

በየረቡዑ በአሂሂክ የመንገድ ገበያ ይቆማል። አቮካዶው፣ ማንጎው፣ ፓፓያው፣ ቲማቲሙ እንደ ልብ ነው፤ ከበቆሎ የሚጋገረው የአገሩ እንጀራም በኪሎ ይሸጣል። እንደ አገሬው የሚመገብ ሰው የቀለቡ ወጪ በግልጽ ይቀንስለታል። ከአሜሪካ የመጣውን አይብና የታሸገ ምግብ ካላገኘሁ የሚል ግን፣ በአገሩ ከሚከፍለው የሚበልጥ ይከፍላል፤ ዕቃው ድንበር ተሻግሮ መጥቷልና።

የቤት ሠራተኛና አትክልተኛ መቅጠር ለብዙዎቹ አዲስ ምቾት ነው። በአገሩ ሳለ ሰው ቀጥሮ የማያውቅ መምህር እዚህ በሳምንት ሁለት ቀን የምታጸዳለት ሴት ያገኛል። ከዚህ ጋር ግን የአገሩ ሕግ አብሮ ይመጣል። አሠሪው ከታኅሣሥ 20 በፊት ቢያንስ የ15 ቀን ደመወዝ የሚሆን የዓመት መጨረሻ ጉርሻ መክፈል አለበት። ከ2023 ጀምሮ ደግሞ አንድ ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ የ12 ቀን ዕረፍት ይገባዋል። የቤት ሠራተኞችን በማኅበራዊ መድን ማስመዝገብም በሕግ ግዴታ ሆኗል። ይህን ሳያውቅ ለዓመታት ያኖራትን ሠራተኛ ያሰናበተ ሰው፣ የሚጠየቀው ካሣ የቆጠበውን ሁሉ ጠራርጎ ሊወስድ ይችላል። ፍርዱ ደግሞ ትክክል ነው። እርሱ ርካሽ ያለው ገንዘብ የእርሷ ሙሉ መተዳደሪያ ነበር።

እንግዲህ ከወጥ ቤቱ ወጥተን ወደ ትልልቁ ነገር እንሂድ።

የአሜሪካ ጡረተኛ ሠራተኛ በ2025 መጀመሪያ ላይ በአማካይ በወር 1976 ዶላር ያገኝ ነበር። ሜክሲኮ ደግሞ በአገሯ ተቀምጦ ሊኖር ለሚመጣ ሰው የገቢ ልክ ታወጣለች። ብዙ ቆንስላዎች ይህን ልክ የሚያሰሉት በአገሩ ዝቅተኛ የቀን ደመወዝ ነው። ይህ ደመወዝ በ2018 በቀን 88 ፔሶ ነበር፤ በ2025 ከ278 ፔሶ በላይ ሆነ። ልኩም አብሮ ወጣ፤ በወር ከ4000 ዶላር በላይ የጡረታ ገቢ የሚጠይቁ ቆንስላዎች ብዙዎች ሆኑ። በሌላ አነጋገር፣ ጠቀም ያለ ጥሪት የሌለውና በመካከለኛ ጡረታ ብቻ የሚኖር ሰው፣ ርካሽ ኑሮ የሚያስፈልገው ራሱ እርሱ ሆኖ ሳለ፣ ከበሩ ይመለሳል። ያው የደመወዝ ጭማሪ የቤት ሠራተኛይቱን ኑሮ ያሻሻለ ነውና በሜክሲኮ ላይ የሚፈረድ ነገር የለም።

ከዚያ የምንዛሪው ጉዳይ ይከተላል። ጡረታው በዶላር ይመጣል፤ ኪራዩ፣ ቀለቡና ደመወዙ በፔሶ ይከፈላል። በ2020 ሚያዝያ አንድ ዶላር በ24 ፔሶ ግድም ይመነዘር ነበር፤ በ2024 ሚያዝያ ግን በ16 ፔሶ ተኩል ግድም። እንግዲህ በወር 2000 ዶላር የሚያገኝ ሰው በመጀመሪያው ጊዜ 48 ሺሕ ፔሶ ይቆጥር የነበረው በሁለተኛው 33 ሺሕ ይቆጥራል። አንድ ዶላር ሳይቀነስበት፣ ምንም ሳያባክን፣ ከገቢው ሲሶው ጠፋ። አሜሪካ በየዓመቱ ለጡረተኞቿ የኑሮ ውድነት ጭማሪ ትሰጣለች፤ በ2023 ጭማሪው 8.7 በመቶ ነበር። ይህ ጭማሪ ግን የሚለካው በአሜሪካ ገበያ ዋጋ ነው እንጂ በአሂሂክ ዋጋ አይደለም።

የቤት ኪራይም እንዲሁ ነው። ባለ ዶላሮቹ በበዙ ቁጥር ባለ ቤቶቹ የእነርሱን ኪስ እያዩ ዋጋ ይቆርጣሉ። መጀመሪያ የአገሬው ልጅ ከሰፈሩ ይለቃል፤ ቀጥሎ ቀድመው የመጡት ጡረተኞች ራሳቸው ያጉረመርማሉ። በሐምሌ 2025 በሜክሲኮ ዋና ከተማ ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ የተቃወመው ይህንኑ የመሰለውን ነገር ነበር።

አሁን ሁሉን የሚያናጋውን ልንገራችሁ። ሜዲኬር የሚባለው የአሜሪካ አረጋውያን የሕክምና መድን፣ ከጥቂት ልዩ አጋጣሚዎች በቀር፣ ከአሜሪካ ውጭ ለሚደረግ ሕክምና አይከፍልም። ዕድሜ ልኩን የከፈለበት ሰው ድንበሩን ሲሻገር መድኑን ከኋላው ትቶት ይሄዳል። በሜክሲኮ ተራ ሕክምና ርካሽ ነው፤ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ለመሄድ ብቻ ድንበር የሚሻገሩ አሜሪካውያን አሉ። የልብ ቀዶ ሕክምና ወይም በጽኑ ሕሙማን ክፍል ሁለት ሳምንት መተኛት ግን በየትም አገር ርካሽ አይደለም። የግል ሐኪም ቤትም ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ መያዣ ይጠይቃል። የአገሩ የመንግሥት መድን ባዕድንም በክፍያ ይቀበላል፤ ሆኖም አስቀድሞ የያዘው ከባድ በሽታ ያለበትን ሰው ሊመልሰው ይችላል። የግል ኢንሹራንሶችም አብዛኞቹ ሰባ ዓመት ያለፈውን አዲስ ደንበኛ አይወዱም።

ታዲያ ብልጥ ነኝ ያለው ጡረተኛ፣ «በማልጠቀምበት ነገር ለምን እከፍላለሁ?» ብሎ የሜዲኬርን ወርኃዊ ክፍያ ያቋርጣል። የሐኪም አገልግሎቱ ክፍያ በ2025 በወር 185 ዶላር ነበር፤ በዓመት 2220 ዶላር ማለት ነው። ገንዘቡ በአሂሂክ የብዙ ወር ቀለብ ይሆናል። ከአምስት ዓመት በኋላ ታሞ ወደ አገሩ ሊመለስ ሲፈልግ ግን ቅጣቱን ያገኘዋል። ከመድኑ ውጭ ለቆየበት ለእያንዳንዱ ሙሉ ዓመት አሥር በመቶ ይጨመርበታል፤ የአምስት ዓመቱ ሃምሳ በመቶ ይሆናል። በዚያው በ2025 ዋጋ ብናሰላው ጎረቤቱ 185 ዶላር ሲከፍል እርሱ 277 ዶላር ተኩል ይከፍላል፤ ያውም ዕድሜ ልኩን። እንደ እኔ ሐሳብ ይህ ክፍያ የሕክምና ክፍያ ተብሎ መቆጠር የለበትም፤ የመመለሻ መንገድ ኪራይ ነው። ወደ አገሩ ፈጽሞ አልመለስም ብሎ መማል የሚችል ሰው ብቻ ያቋርጠው።

ባልና ሚስት አብረው ሲሄዱ ደግሞ ሌላ የተሰወረ ነገር አለ። ሁለቱም ጡረታ ያላቸው እንደ ሆነ፣ አንዱ ሲሞት ለሌላው የሚቀረው ከሁለቱ የሚበልጠው ብቻ ነው። እርሱ 2000፣ እርሷ 1000 ዶላር ያገኙ ከነበረ፣ ከሐዘኑ ማግስት ጀምሮ የቤቱ ገቢ 3000 መሆኑ ቀርቶ 2000 ይሆናል። ኪራዩ ግን በግማሽ አይቀነስም፤ አትክልተኛውም ግማሽ አትክልት አይኮተኩትም። በዚያን ጊዜ ቋንቋውን በደንብ ያልተማረች፣ መኪና የማትነዳ፣ ልጆቿ በአውሮፕላን ካልሆነ የማይደርሱላት አንዲት ሴት በሐይቅ ዳር ብቻዋን ትቀራለች። ጎረቤቶቿ ደጎች ናቸው፤ ሁሉም ግን የእርሷው እኩዮች ናቸው። ሐኪም ቤት አጠገቧ የሚያድር ሰው ብትፈልግ ለአዳሪው በሌሊት ሒሳብ ትከፍላለች።

እዚህ ላይ ነው ወደ ራሳችን የምንመለሰው። ወደ አዲስ አበባ የሚመለሰው ወገናችን ይህን አዳሪ በገንዘብ አይገዛም። የእኅቱ ልጅ ያድርለታል፤ ጎረቤት ሾርባ ያመላልስለታል፤ የዕድሩን መዋጮ በየወሩ ከከፈለም ድንኳኑና ቀባሪው የታወቀ ነው። ይህ አሂሂክ ላይ በምንም ዋጋ የማይገኝ ሀብት ነው። ነገር ግን ነጻ ነው ብላችሁ አትንገሩት። የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ይመጣል፤ ሠርግ ይመጣል፤ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ላማክርዎ ነበር» ተብሎ የሚጀመር ወግ ይመጣል። በዋሽንግተን ሳለ በዓመት ሁለት ጊዜ ገንዘብ ይልክ የነበረ ሰው፣ እዚህ በሩ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይንኳኳል። ለሚጠይቃችሁ ሰው የኪራዩንና የአስቤዛውን ዋጋ ስትነግሩት ይህንንም በግልጽ ጻፉለት፤ ከጠያቂዎቹ አንዱ እናንተ ራሳችሁ ብትሆኑም እንኳ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ጠይቁት፤ «የምታገኘው ገንዘብ ምን ዓይነት ነው?» በሉት። ሠርቶ ያገኘው የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ ከሆነና የአሜሪካ ዜጋ ከሆነ፣ ክፍያው በአብዛኛው አገር ይከተለዋል። ዜግነት ያልወሰደ ሰው ግን ከአሜሪካ ውጭ ስድስት ሙሉ ወር ከቆየ፣ ሕጉ ከሚፈቅድላቸው ወገን ካልሆነ በቀር፣ ክፍያው ይቋረጥበታል። ከአንድ ዓመት በላይ ያለ ፈቃድ ከቆየም የግሪን ካርዱ ነገር አደጋ ላይ ይወድቃል። ኤስ ኤስ አይ የሚባለው ለችግረኛ አረጋውያን የሚሰጠው ድጎማ ከሆነ ደግሞ ከነጭራሹ አይከተለውም፤ ሠላሳ ተከታታይ ቀን ከአሜሪካ ከወጣ ይቆማል። በልጆቻቸው ጥሪ በሽምግልና የሄዱና ብዙ ዘመን ያልሠሩ እናቶቻችንና አባቶቻችን ብዙውን ጊዜ የሚያገኙት ይህንኛውን ነው። ሁለቱን ገንዘብ ለይተው ሳያውቁ ጓዛቸውን ጠቅልለው ቢመጡ የሚቀጥለው ወር ባዶ ይሆንባቸዋል።

የአሜሪካ ዜጋ የሆነው ደግሞ እዚህ ሲመጣ በሕግ የውጭ አገር ሰው ነው። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 የትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ ስለ ፈቀደለት ያለ ቪዛ ይኖራል። ወደ አሜሪካ የሚያቀርበው የግብር ማስታወቂያ ግን አይቀርለትም፤ ከአሜሪካ ውጭ ባሉት ባንኮች ያለው ገንዘብ በጠቅላላው በዓመቱ ውስጥ በማናቸውም ጊዜ ከ10 ሺሕ ዶላር ካለፈም ማስታወቅ አለበት።

ምንዛሪውን በሚመለከት የእኛ ነገር ከሜክሲኮ ተገላቢጦሽ ሆኗል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ግድም ተነሥቶ፣ ዓመት ሳይሞላው ከ130 ብር አለፈ። ባለ ዶላሩ በብር ሲቆጥር ገንዘቡ ከእጥፍ በላይ ሆነለት። ይህን አይቶ ግን ዕድሜ ልኩን የሚያስተዳድረው አድርጎ አይውሰደው። የሚውጠው መድኃኒት፣ የመኪናው ዕቃ፣ የሮቶው ፓምፕ ከውጭ የሚመጡ ናቸውና ዋጋቸው ዶላሩን ተከትሎ ይሄዳል። በብር ደመወዝ የምንኖረው እኛ ይህን ከማንም በፊት አይተነዋል። በቻፓላ የነበሩትም ሰዎች በ2020 ደስ ብሏቸው ነበር።

የጤናውንም ነገር ሳትዘነጉ ንገሩት። አዲስ አበባ ከቻፓላ በብዙ ከፍ ትላለች፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ናት። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ቤቱን ከመሸጡ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። በየቀኑ የሚውጣቸውን መድኃኒቶች ስም አስጽፋችሁ ተቀበሉና፣ ሁለት ሦስት መድኃኒት ቤት ዞራችሁ የትኛው ሁልጊዜ እንደሚገኝ፣ የትኛውም እየጠፋ እንደሚመጣ ጻፉለት። ይህን ለማድረግ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል፤ «ና ግድ የለህም» ከሚለው ቃል ይልቅም ለወንድማችሁ ይጠቅመዋል።

በመጨረሻ ለሚጠይቃችሁ ሁሉ ይህን በሉት። ቤቱን አይሽጥ፤ ያከራየው። እዚህም አይግዛ፤ ይከራይ። የሚመጣው ለገና ወይም ለጥምቀት ሳይሆን ሙሉ ዓመት ለመቀመጥ ይሁን፤ ሐምሌንና ነሐሴን፣ ጭቃውንና ብርዱን፣ መብራት የሚጠፋበትን ማታ ጨምሮ ይየው። በየወሩ መጨረሻ ከአሜሪካው ወጪ የተረፈውን ገንዘብ እንደ ትርፍ ቆጥሮ አይብላው፤ ለብቻው ያስቀምጠው። የምንዛሪው መለዋወጥ፣ የሕክምናው መያዣ፣ የመመለሻው ቲኬት፣ ከባልና ሚስት ብቻውን የሚቀረው ሰው ኪራይ፣ ሁሉም የሚከፈሉት ከዚያ ነው። ዓመቱ ሲያልቅ የተጠራቀመውን ይቁጠር፤ ከሚስቱም ጋር ተቀምጦ ይነጋገር፤ ከዚያ ወዲያ ይሽጥ ወይም ይመለስ።